ጨርቁ ላይ የቀረው ቀይ

ጨርቁ ቀይ ሆነ። መጀመሪያ ደም መስሎኝ ጣቶቼን አገላብጬ አየሁ። ምንም አልሆንኩም። ከዚያ ነው የገባኝ፤ ጨርቁ ላይ ያለው የአባቴ መኪና ነው።

እሑድ ጠዋት ነበር። አባቴ ቤተ ክርስቲያን ሄዷል። ሲመለስ ላስደስተው ብዬ ግቢያችን ውስጥ የቆመችውን ቀይ ቮልስ መወልወል ጀመርኩ። ሳምንቱን ሙሉ ኮምፒውተር ላይ አፍጥጬ ኮድ የምጽፍ ሰው ስለሆንኩ በእጅ የሚሠራ ነገር ሳገኝ ትንሽ ያሳብደኛል። ከመለዋወጫ ሱቅ "ፖሊሽ" ብዬ የተሰጠኝን ጣሳ ይዤ፣ ከጓደኛዬ የፖሊሽ ማሽን ተውሼ፣ የፊት ኮፈኑን ተያያዝኩት። ማብረቅረቁንስ አብረቀረቀች። ግን ማሽኑ ኮፈኑ ጠርዝ ላይ ትንሽ ቆየብኝና ከቀዩ ሥር ግራጫ ነገር ብቅ አለ። የአንድ ብር ሳንቲም ያህላል።

አባቴ ይህችን መኪና የገዛት እኔ ከመወለዴ ከዓመታት በፊት ነው። ሰው ባደነቃት ቁጥር መልሱ አንድ ነው፦ "ኦርጅናል ቀለሟ እኮ ነው!" ያን ቀን ከቤተ ክርስቲያን ተመልሶ፣ ነጠላውን እንኳን ሳያወልቅ ቆሞ አያት።

"ፖሊሽ እያደረግኳት ነው አባዬ" አልኩት።

"አይ፣ እየፋቅካት ነው" አለኝና ወደ ቤት ገባ።

ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። እኔም ስህተት የሠራ ዴቨሎፐር ሁሉ የሚያደርገውን አደረግኩ፤ ችግሩ ከየት እንደጀመረ ወደ ኋላ መፈለግ። ፍለጋው ከአንድ ጣሳ ተነስቶ ከመቶ ዓመት በላይ ወደ ኋላ ወሰደኝ።

መጀመሪያ ያወቅኩት ነገር ቀላል ነው፤ ግን ቀድሜ ባውቀው ኖሮ ኮፈኑን አድን ነበር። እኛ ሱቅ ሄደን "ፖሊሽ" የምንለው ሁለት ተቃራኒ ነገሮችን ነው። እውነተኛው ፖሊሽ ውስጡ ጥቃቅን ሻካራ ቅንጣቶች አሉት፤ በጣም የደቀቀ የብርጭቆ ወረቀት በሉት። የሚያበራው ቀለሙን ከላይ እየላጠ፣ ጭረቱ ካለበት ከፍታ በታች እያወረደው ነው። ሰም ወይም ዋክስ ግን ምንም አይልጥም። ላዩ ላይ ስስ ሽፋን ሆኖ ይቀመጣል፤ ውሃ ያንከባልላል፣ ቆሻሻ እንዳይጣበቅ ያደርጋል፣ ከጥቂት ሳምንት ወይም ወራት በኋላ ታጥቦ ያልቃል። አንዱ ይወስዳል፣ ሌላው ይሰጣል። በእኔ ሙያ ቋንቋ ፖሊሽ ዲሊት ነው፤ ባክአፕ ደግሞ የለውም።

ታዲያ እንዲህ የተለያዩ ነገሮች እንዴት አንድ ስም ያዙ? መልሱ ያለው ከመኪና በፊት ነው።

የሚብረቀረቀው ነገር በመጀመሪያ የቤት ዕቃ ነበር። አሜሪካዊው ሳሙኤል ከርቲስ ጆንሰን በ1886 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው) ራሲን በምትባል የዊስኮንሰን ከተማ የፓርኬ ወለል ንግድ ገዛ። ደንበኞቹ ወለሉን እንዴት እንደሚይዙት ደጋግመው ሲጠይቁት ሰም እየቀላቀለ መሸጥ ጀመረ፤ ውሎ አድሮ ሰሙ ከወለሉ በላይ ገበያ አገኘ። በ1901 ደግሞ ፍራንክ ሜጓየር የሚባል ሰው ኢንዲያና ውስጥ የቤት ዕቃ ፖሊሽ መሥራት ያዘ። በዚያ ዘመን መኪና የሚባለው ነገር ከፈረስ ጋሪ ብዙም አይርቅም፤ አካሉ እንጨት ያለበት፣ ላዩም እንደ ቁም ሳጥን በቫርኒሽ የተቀባ ነበር። ስለዚህ የቁም ሳጥኑ ፖሊሽ በቀላሉ ወደ መኪናው ተሻገረ። ዛሬ ሜጓየርስ የሚለውን ስም ጠርሙስ ላይ ስታዩ ከጀርባው ያለው የቁም ሳጥን ታሪክ ነው።

የድሮው ቫርኒሽ ግን ሁለት ጣጣ ነበረው። በብሩሽ ነው የሚቀባው፣ አንዱ ድርብ ሳይደርቅ ሌላው አይደረብበትም፤ አንድ መኪና ቀለም ተቀብታ እስክታልቅ ሳምንታት ይፈጅ ነበር። ሁለተኛው ጣጣ ፀሐይ ነው፤ ያደበዝዘዋል፣ ይሰነጥቀዋል። በ1910 አካባቢ ቺካጎ ውስጥ የተጀመረው ሲሞኒዝ ገበያ ያገኘው ለዚህ ነው። ስሙ እጅግ ከመለመዱ የተነሳ እንግሊዝኛ ውስጥ "መኪና መወልወል" ማለት የሆነ ግስ ወጣው።

ከዚያ ነገሩን ሁሉ የለወጠው ቀለሙ ራሱ ነው። ዱፖንት የተባለው ድርጅት ዱኮ ብሎ የሰየመውን የናይትሮሴሉሎስ ላከር ሠራ፤ ጄኔራል ሞተርስም በ1923 ኦክላንድ በተባለችው መኪናው ላይ ሰማያዊ አድርጎ ለገበያ አቀረበው። ሳምንታት የሚፈጀው ሥራ ወደ ቀናት ወረደ። ከ1914 እስከ 1925 ጥቁር ብቻ ይሸጥ የነበረው የፎርድ ሞዴል ቲም ብዙ ሳይቆይ ወደ ቀለማት ተመለሰ። ላከሩ ግን አንድ ጠባይ ነበረው፤ ተረጭቶ እንደደረቀ አያበራም። የሚያበራው በፋብሪካ ሲታሽ ነው፤ ፀሐይ ሲመታው ደግሞ ላዩ እንደ ጠመኔ ዱቄት ይሆናል። ስለዚህ ባለመኪናው ቤቱ ሆኖ ያን ዱቄት በፖሊሽ ይፍቃል፤ የተፋቀው መልሶ እንዳይደበዝዝ ሰም ይቀባል። እሑድ እሑድ መኪና የመወልወል ልማድ ሥር የሰደደበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ሁለቱ ሥራዎች ሁልጊዜ ተከታትለው ስለሚሠሩም በሰው አፍ አንድ ሆነው ቀሩ። በአንድ ጠርሙስ የሚቀላቅሏቸውም መጡ።

ከእነዚህ ሻጮች የምወደው ቤን ሂርሽን ነው። በ1941 ቺካጎ ውስጥ ፈሳሽ የመኪና ፖሊሹን በቤቱ የገላ መታጠቢያ ገንዳ ውስጥ እየቀላቀለ፣ ከሚስቱ ጋር በጠርሙስ ይሞላ ነበር ይባላል። ለማስታወቂያ ገንዘብ የለውም። ያደረገው ምን መሰላችሁ? መኪና የሚቆምበት ቦታ ይሄድና የማያውቀውን ሰው መኪና አንድ ፓራፋንጎ ብቻ ወልውሎ ባለቤቱን ይጠብቃል። አንዱ ጎን እየበራ ሌላው ደብዝዞ ያየ ሰው ምን ምርጫ አለው? ይገዛል። በኋላ ምርቱ ተርትል ዋክስ ተባለ፤ እንደ ኤሊ ድንጋይ የጠነከረ ሽፋን ለማለት ነው። እኔ ግን ታሪኩን ሳነብ የታየኝ ሌላ ነገር ነው። ሂርሽ የሸጠው ብርሃን ብቻ ሳይሆን ልዩነትም ጭምር ነው። እኔንም ያን እሑድ ያታለለኝ ያው ነው፤ ኮፈኑ ሲበራ ሌላው አካሏ አስጠላኝና ማሽኑን ሳላቆም ቀጠልኩ።

ሰሙስ ከየት ይመጣል? እኛ አገር ሰም ሲባል የሚታሰበን የንብ ነው፤ ጧፍና ሻማ። የንብ ሰም ግን 62 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ይቀልጣል፤ በጠራራ ፀሐይ የጋለ ጥቁር ኮፈን ላይ ብዙ አይከርምም። ለመኪና የተመረጠው ካርናውባ ነው፤ ከ80 ዲግሪ በላይ ካልሆነ አይቀልጥም። የሚገኘው ከሰሜን ምሥራቅ ብራዚል ነው፤ ሴያራ፣ ፒያዊ፣ ሪዮ ግራንዴ ዶ ኖርቴ ከሚባሉ ደረቅ ግዛቶች። የዘንባባ ዘር ነው። ዝናብ በጠፋበት ወራት ውሃው እንዳይተንበት ቅጠሉን በሰም ይለብጣል። እንግዲህ መኪናችን ላይ የምንቀባው አንድ ዛፍ ድርቅን ለመቋቋም የለበሰውን ልብስ ነው።

ሰሙን ለማግኘት ሠራተኞች በረጅም ዘንግ ጫፍ ላይ በታሰረ ማጭድ ቅጠሉን ከላይ ይቆርጣሉ፣ ፀሐይ ላይ ያሰጣሉ፣ ሲደርቅ እየወቁ ዱቄቱን ያራግፋሉ፣ ከዚያ ዱቄቱ ይቀልጣል። በ1935 የሳሙኤል ጆንሰን የልጅ ልጅ፣ ኸርበርት ጆንሰን፣ ውሃ ላይ በሚያርፍ የሲኮርስኪ አውሮፕላን ከዊስኮንሰን ተነስቶ እስከ ፎርታሌዛ የበረረው ይህን ዛፍ ፍለጋ ነው። የድርጅቱ ህልውና አንድ ዛፍ ላይ ተንጠልጥሎ ስለነበር ዛፉ ይበቃ እንደሆነ በዓይኑ ማየት ፈለገ። በ1998 ደግሞ ልጁ በተመሳሳይ አውሮፕላን ጉዞውን ደገመው። የበረሩት ሰዎች ስም ተጽፎ ይገኛል። ቅጠል የሚቆርጡት ሰዎች ግን በዜና የሚነሱት የብራዚል የሥራ ተቆጣጣሪዎች ባርነት መሰል ከሆነ ሁኔታ ሲያስለቅቋቸው ነው፤ ይህም በእኛ ዘመን፣ አንድ ጊዜ ብቻ ሳይሆን ደጋግሞ የሆነ ነው። ጣሳው ላይ የሚሳለው የሚያብረቀርቅ መኪና ነው እንጂ ማጭድ አይደለም።

ወደ ቮልሷ ልመለስ። የድሮ መኪና ቀለም አንድ ወጥ ነው፤ ላዩም ውስጡም ያው ቀይ። ስትፈትጉት ቀለሙ ጨርቅ ላይ ይወጣል። ከ1980ዎቹ ወዲህ የተስፋፋው አሠራር ደግሞ ከቀለሙ በላይ ክሊር ኮት የሚባል ቀለም አልባ ድርብ ያለብሳል። ውፍረቱ አብዛኛውን ጊዜ ከ40 እስከ 50 ማይክሮን ነው፤ ከጸጉራችሁ ዘለላ ይቀጥናል። አንድ ዙር ፖሊሽ ከዚህ ላይ ጥቂት ማይክሮን ይወስዳል። ክሊር ኮት ያለበት መኪና ላይ ጨርቁ ምንም ቀለም ስለማያሳይ ሰው ምንም የወሰደ አይመስለውም። ቮልሷ ቢያንስ እውነቱን ጨርቁ ላይ ጻፈችልኝ።

ስለዚህ ምርጫው የሚጀምረው "የቱ ብራንድ ይሻላል?" ከሚለው አይደለም። በመጀመሪያ ላዩ ላይ ያለው ምንድን ነው? የማይታይ ቦታ ላይ ትንሽ ፖሊሽ በጨርቅ አሹት፤ ጨርቁ የመኪናውን ቀለም ከያዘ ክሊር ኮት የለውም። ቀጥሎ፣ ችግሩ ምንድን ነው? ጭረትና ድብዘዛ ከሆነ ፖሊሽ፣ እሱም ከሁሉ ለስላሳውን፣ በእጅ፣ ከጠርዝ ርቃችሁ። ቀለሙ ደህና ከሆነ ግን ሰም ብቻ ይበቃዋል። "100% ካርናውባ" የሚለው ጽሑፍ አያታላችሁ፤ ካርናውባ ብቻውን እንደ ድንጋይ ደረቅ ስለሆነ ጣሳው ውስጥ ማለስለሻና ሌላ ሰም መቀላቀሉ አይቀርም። ሰው ሠራሹ ሲላንት ከሰም በላይ ይቆያል፤ ሰሙ ደግሞ በተለይ ጥቁርና ቀይ ላይ ደስ የሚል ጥልቀት ይሰጣል የሚሉ ብዙ ናቸው። ለአዲስ አበባ ሰው ግን ከሁለቱ አንዱን አዘውትሮ መቀባቱ ራሱ ቁም ነገር ነው፤ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ነን፣ በየ1,000 ሜትሩ ደግሞ አልትራቫዮሌቱ 10 በመቶ ገደማ ይጨምራል።

ከሁሉ በላይ ያስተማረኝን ነገር ግን ያገኘሁት ከመጽሐፍ አልነበረም። በራችን ላይ የሚቀመጠው ሊስትሮ ነው የነገረኝ። ታሪኩን ሳጫውተው እጁ ላይ ያለውን ብሩሽ አቁሞ "ቆይ፣ መጀመሪያ አጥበሃታል?" አለኝ። በደረቅ ጨርቅ ጠራርጌያት ነበር። ሳቀብኝ። "አቧራውን ሳታወርድ ቀለም ትቀባለህ እንዴ? አሸዋውን እኮ ነው ያሸኸው!" እሱ ማራገፍ፣ ማጠብ፣ ማድረቅ፣ መቀባት፣ መጠበቅ፣ ከዚያ በጨርቅ ማፋጨት የሚለውን ቅደም ተከተል በቀን ብዙ ጊዜ ይደግመዋል። ካርናውባ የጫማ ቀለም ውስጥም እንደሚገባ ነገርኩት፤ አልገረመውም።

ግራጫዋን ነጥብ ላስቀባት ብዬ አባቴን ጠየቅኩት። እምቢ አለ። "ከተቀባች ኦርጅናል አትሆንም" አለኝ። አሁን ዝናቡ ሲያበቃ አንዴ፣ ከፋሲካ በፊት አንዴ፣ አጥበናት ሰም ብቻ እንቀባታለን። ማሽን የለም። እኔ ጣሪያውን፣ እሱ ኮፈኑን። ጠርዙ ጋ ሲደርስ አውራ ጣቱን ሰም ውስጥ ነክሮ ነጥቧን ለብቻዋ፣ ቀስ እያለ ያሻታል።

ባለፈው ጎረቤት መጥቶ መኪናዋን ሲያደንቅ አባቴ የተለመደውን መልስ ሰጠ። ከዚያ ወደ ጠርዙ ጠቆመና ጨመረበት፦ "ይቺ ብቻ የልጄ ናት።"