ኮረብታ ኮረብታ በኮረብታው ላይ

በእንግሊዝ አገር በሌስተርሻየር ብሪደን ኦን ዘ ሂል የምትባል መንደር አለች። ስሟ ሲተነተን «ኮረብታ ኮረብታ በኮረብታው ላይ» ማለት ይሆናል። ቀልድ ይመስላል፤ ዳሩ ግን ሦስቱንም የጨመሯቸው ሰዎች የምራቸውን ነበር።

የመጀመሪያው ቃል የአገሩ ነባር ሕዝብ የነበሩት የብሪቶኖች ነው። የዛሬው ዌልሽ ከእነሱ ቋንቋ የወጣ ሲሆን፣ ኮረብታን «ብሬ» ይሉት ነበር። የመንደሯ ኮረብታ ከሜዳ መሀል ብቻውን ብድግ ያለ የኖራ ድንጋይ ጉብታ ስለሆነ ሌላ መለያ አላስፈለገውም። ከ5ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ አንግሎ ሳክሶኖች ሲመጡ ግን «ብሬ» ለጆሯቸው የተጸውኦ ስም ሆነ። ስለዚህ የራሳቸውን «ዱን» ቀጠሉበት፤ እሱም ኮረብታ ነው።

መነኩሴውና ታሪክ ጸሐፊው ቢድ፣ እ.ኤ.አ. በ731 የካንተርበሪ ሊቀ ጳጳስ ሆኖ የተሾመው ታትዊን እዚሁ ከነበረው፣ «ብሪዩዱን» ከተባለ ገዳም የመጣ ቄስ እንደሆነ ጽፏል። ሁለቱ ቃላት ያኔውኑ ተጣብቀዋል ማለት ነው። ታትዊን በላቲን 40 እንቆቅልሾች ደርሷል፤ የገዳሙ ስም 41ኛ ቢሆን ያምርበት ነበር።

ብዙ ሰው በዚህ ስም ሲስቅ መጤዎቹን እንደ አላዋቂ ይቆጥራል። እኔ አልስማማም። ሳክሶኖቹ ነባሩን ሕዝብ ሳያነጋግሩ ጠራርገውት ቢሆን ኖሮ «ብሬ» የሚለውን ከማን ይሰሙት ነበር? ያች አንዲት ቀለም ሁለቱ ሕዝቦች እዚያው ቦታ ላይ ለመገናኘታቸው ምስክር ናት። ትርጉሟ ጠፋ እንጂ ድምፅዋ ከአፍ ወደ አፍ ተላልፏል።

«ዱን»ም ዕጣው ያው ሆነ። በደቡብ እንግሊዝ የኖራ ኮረብቶች «ዳውንስ» ሲባሉ ቃሉ ዛሬም ይሰማል፤ በመንደሯ ስም ውስጥ ግን «ደን» ወደሚል ጭራ ሟሽሾ ኮረብታነቱን የሚያስታውስ ጠፋ። በኋላ «ኦን ዘ ሂል»፣ ማለትም «በኮረብታው ላይ» ተጨመረ። እሱም ቢሆን ልክ አይደለም፤ ቤቶቹ ያሉት ከግርጌ ነው። አናቱ ላይ ያለችው ቤተ ክርስቲያን ናት። በውስጧ ከ1,100 ዓመት በላይ የቆዩ ቅርጻ ቅርጾች አሉ፤ የወይን ሐረግ፣ አዕዋፍ፣ እጁን ለቡራኬ ያነሳ መልአክ።

ስሙ ሲረዝም ኮረብታው ግን እያጠረ ነው። በምሥራቅ በኩል ያለው የድንጋይ ካባ ሰፊውን ጎኑን፣ ከሱም ጋር አናቱ ላይ ከነበረው የብረት ዘመን ምሽግ ብዙውን ክፍል ቆርሶ ወስዶታል።