ኤሌክትሪክ ጊታር
አይባኔዝ፤ ማትሱሞቶ፣ ጃፓን፤ 1970ዎቹ አጋማሽ (ዘመኑ ሁሉ እ.ኤ.አ.)

ይህ ንዋየ ዜማ የአሜሪካው ጊብሰን በ1952 ለገበያ ያወጣውን ሌስ ፖል የተባለ ጊታር አርአያ አድርጎ በፉጂጄን ፋብሪካ ለአይባኔዝ የተሠራ ቅጂ ሲሆን፣ መልኩ እስከ አንገቱ ራስ ቅርጽ ድረስ ከዋናው ጋር ቢመሳሰልም፣ አንገቱ በማጣበቂያ ሳይሆን በአራት ብሎን ከአካሉ ጋር መያያዙ የትውልድ አገሩን ይመሰክራል። የጊብሰን ባለቤት የነበረው ኖርሊን ስለዚሁ የራስ ቅርጽ በ1977 በፊላደልፊያ ክስ አቀረበ፤ አይባኔዝ ግን ቅርጹን ቀደም ብሎ ለውጦ ነበርና ነገሩ በስምምነት ተፈጸመ።

ከአሮጌ ዕቃ ነጋዴ በተገዛ ጊዜ በአንገቱ ላይ የተተከሉት የብረት እርከኖች (ፍሬቶቹ) ተበልተው፣ የድምፅ መቆጣጠሪያዎቹም በአቧራ ተደፍነው ይንኰሻኰሹ ነበር። ጠጋኙ ጠቢብ ፍሬቶቹን በትዕግሥት አስተካከለ፤ የላላውን ሽቦ በሊድ በየደ፤ በአንገቱ ጫፍ የአውታሮቹ ማረፊያ የነበረውን የተሰነጠቀ ፕላስቲክ በአጥንት ተካ። በጀርባው ላይ የተጫዋቹ የቀበቶ ዘለበት የፋቀውን ጠባሳ ግን እንደ ተጻፈ ታሪክ ቆጥሮ አልነካውም፤ ደግ አደረገ።

ቅጂ ነውና ይናቅ የሚል ካለ ፍርዱ የቸኰለ ነው። በመቅዳት እጁን ያሠለጠነው ፉጂጄን፣ የአሜሪካው ጊታር ሠሪ የፌንደር የጃፓን ክንፍ የሆነው ፌንደር ጃፓን በ1982 ሲቋቋም የጊታሮቹ ሠሪ ሆኖ ተመርጧል።