ከሚዛን ተፈሪ እስከ ቴፒ፦ በአየር 31፣ በመንገድ 50 ኪሎ ሜትር

በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል የሚገኙት የሚዛን ተፈሪና የቴፒ አውሮፕላን ማረፊያዎች በቀጥታ መስመር ሲለኩ የሚራራቁት 31 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሁለቱን ከተሞች የሚያገናኘው የተሽከርካሪ መንገድ ግን 50 ኪሎ ሜትር ያህል ይረዝማል። የጉዞ ሰዓትን፣ የጭነት ዋጋን ወይም የሕሙማንን ዝውውር ለሚያሰላ ሰው ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም።

ልዩነቱ ከምን የመጣ ነው?

የአየር ርቀት የሚሰላው ሁለቱ ሥፍራዎች በካርታ ላይ ካላቸው የኬክሮስና የኬንትሮስ መጠን ተነሥቶ ነው። ቴፒ ከሚዛን በስተሰሜን ምዕራብ ትገኛለች። የሚዛን ማረፊያ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ሲገኝ፣ ቴፒ ወደ 1,100 ሜትር ዝቅ ትላለች። መንገዱ የሸኮን ኮረብታዎች፣ ወንዞችና ደን እየተጠማዘዘ ስለሚያልፍ ርዝመቱ ከቀጥታው መስመር በ1.6 እጥፍ ገደማ ይበልጣል።

ስንት ሰዓት ይፈጃል?

በሰዓት 400 ኪሎ ሜትር የሚበር አውሮፕላን 31 ኪሎ ሜትሩን ከ5 ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ያቋርጣል፤ መነሣትና ማረፍ ሲታከልበት ጊዜው ይጨምራል። ይሁን እንጂ በሁለቱ ማረፊያዎች መካከል መደበኛ የመንገደኞች በረራ የለም። ቀደም ባሉት አሥርት ዓመታት የኢትዮጵያ አየር መንገድ ዲሲ-3 አውሮፕላኖች በእነዚህ አስፋልት አልባ ሜዳዎች ያርፉ ነበር። ሚዛን አማን በቅርብ ዓመታት አዲስ የአውሮፕላን ማረፊያ ግንባታ ከተጀመረባቸው ከተሞች አንዷ ናት።

በተሽከርካሪ በአማካይ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ ሰው 50 ኪሎ ሜትሩን በ1 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ይጨርሳል። በዝናብ ምክንያት ፍጥነቱ ወደ 20 ቢወርድ ጉዞው 2 ሰዓት ተኩል ይሆናል።

ወደ አዲስ አበባ

ከቦሌ እስከ ሚዛን የአየር ርቀቱ 420 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ በጅማና በቦንጋ በኩል ያለው መንገድ 560 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በአማካይ በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ቢሄዱ እንኳ ከ11 ሰዓት በላይ ይፈጃል። እስከ ጅማ በአውሮፕላን የሚጓዝ መንገደኛም ከጅማ በኋላ ከ200 ኪሎ ሜትር የሚበልጥ መንገድ በተሽከርካሪ ይጠብቀዋል።

ለአርሶ አደሩና ለከተማው ነዋሪ

የተለቀመ እሸት ቡና በዚያው ዕለት ካልተፈለፈለ በላዩ ላይ መብላላት ይጀምራል፤ ጥራቱም ዋጋውም ይወርዳል። ስለዚህ እሸት የሚጭን አይሱዙ የሚነሣበት ሰዓት መወሰን ያለበት በመንገዱ ርዝመትና በዕለቱ የመንገድ ሁኔታ እንጂ በካርታው ቀጥታ መስመር አይደለም። ከቴፒ ወደ ሚዛን አማን ሆስፒታል ሪፈር የተጻፈለት ሕመምተኛ ቤተሰብም እንዲሁ ከኪሎ ሜትሩ ይልቅ ሰዓቱን ቢያሰላ ይበጀዋል።

በስልክ ካርታ ላይ ርቀት የሚፈልግ ሰው የተሰጠው አኃዝ የአየር ወይም የመንገድ መሆኑን አስቀድሞ ይለይ። የነዳጅና የጭነት ሒሳብ የሚሠራው ምንጊዜም በመንገዱ ርቀት ነው።