የጨለማው ልዑል ማን ነው?

አሮጌ የእንግሊዝ ስፖርት መኪና ያለው ሰው ፊት «ሉካስ» ብላችሁ ስም ጥሩ፤ ወይ ይስቃል ወይ ይራገማል። ኤም ጂ፣ ትራያምፍ፣ ጃጓር፣ ኦስቲን ሂሊ፤ የእነዚህ ሁሉ መብራት፣ ዲናሞ፣ ሞተሪኖና ማብሪያ ከሞላ ጎደል የመጣው በርሚንግሃም ከነበረው ከዚህ አንድ ኩባንያ ነው። መሥራቹ ጆሴፍ ሉካስ ደግሞ «የጨለማው ልዑል» የሚል ቅጽል ወጥቶለታል። የሉካስ ማብሪያ ሦስት ደረጃ አለው ይባላል፦ ጠፍቷል፣ ደብዝዟል፣ ብልጭ ድርግም ይላል። እንግሊዞች ቢራ ሳይቀዘቅዝ የሚጠጡት ፍሪጃቸውን ሉካስ ስለሠራው ነው የሚሉም አሉ።

ቀልዱ ያስቃል፣ እኔም ስቄበታለሁ። ፍርዱ ግን ትክክል አይመስለኝም። ዛሬም ድረስ በዚህ ቀልድ ምክንያት ሰው ደህና ዲናሞ ፈቶ ይጥላል፣ ደህና ሞተሪኖ ይቀይራል፤ ጥፋቱ ግን እዚያው መኪናው ውስጥ ይቀራል።

በመጀመሪያ ስለ ሰውዬው። ጆሴፍ ሉካስ በ19ኛው ክፍለ ዘመን በበርሚንግሃም መንደሮች ላምባ በጋሪ እየገፋ የሚሸጥ ሰው ነበር። ቀጥሎ ፋኖስ መሥራት ጀመረ፣ የመርከብ፣ በኋላም የብስክሌት። የብስክሌት ፋኖሱን «የመንገዱ ንጉሥ» ብሎ ነበር የሚሸጠው። የሞተው እ.ኤ.አ. በ1902 ነው። ከስሙ ጋር አብራ የምትሰደበው ኤም ጂ ቢ ለገበያ የወጣችው በ1962 ነው። ስድሳ ዓመት ሙሉ በመቃብር የነበረ ፋኖስ ሻጭ ነው እንግዲህ የጨለማ ልዑል የተባለው።

ወደ መኪናዋ እንምጣ። ኤሌክትሪክ መሄድ ብቻ አይበቃውም፣ መመለስም አለበት። በእነዚህ መኪኖች ወደ መብራቱ የሚሄደው በሽቦ ነው፤ የሚመለሰው ግን በመኪናው ገላ፣ በላሜራው በኩል ነው። በጋራዥ ቋንቋ ማሳ የሚባለው ይሄ መመለሻ ነው። ላሜራው ሲዝግ፣ ወይም መኪናው እንደ አዲስ ሲቀባ ቀለሙ ማሳው የሚታሰርበትን ብረት ሲሸፍነው መንገዱ ይዘጋል። ያን ጊዜ ጉድ ይታያል። ፍሬን ስትረግጡ የፓርኪንግ መብራቱ ደብዘዝ ብሎ ይበራል፤ ፍሬቻ ስታበሩ የኋላው መብራት አብሮ ይርገበገባል። ያየ ሰው «የሉካስ እብደት» ይላል። እብደት የለውም። የፍሬኑ ኤሌክትሪክ በማሳው መመለስ ስላቃተው በጎረቤቱ አምፖል በኩል ዞሮ እየተመለሰ ነው።

ማረጋገጫው ደቂቃ አይፈጅም። መብራቱን አብርታችሁ የቮልት መለኪያውን አንድ ጫፍ የመብራቱ ብረት ላይ፣ ሌላውን ከማሳ ጋር በታሰረው የባትሪ ራስ ላይ አሳርፉ። ዜሮ አካባቢ ካነበበ ማሳው ደህና ነው። አንድ ወይም ሁለት ቮልት ካነበበ ጥፋቱ እዚያ ነው፤ ዲናሞ ቢገዛም፣ ባትሪ ቢቀየርም አይድንም።

እኔን ከሁሉ በላይ የገረመኝ የፊውዙ ታሪክ ነው። ኤም ጂ ቢ በብዛት የተላከችው ወደ አሜሪካ ነበር። ፊውዟ 35 አምፔር ይላል። በእንግሊዞቹ አጻጻፍ ይህ ቁጥር ፊውዙ የሚቃጠልበት ነው፤ ያለማቋረጥ የሚሸከመው 17 ገደማ ብቻ ነው። አሜሪካኖቹ ደግሞ ፊውዝ ላይ የሚጽፉት ያለማቋረጥ የሚሸከመውን ነው። እንግዲህ አስቡት፤ ባለመኪናው ሰፈሩ ካለ ሱቅ 35 የሚል ፊውዝ ገዝቶ ሲሰካ ሽቦው ከታሰበለት በእጥፍ የሚበልጥ ጭነት ይለቀቅበታል። ሽቦው ከፊውዙ ቀድሞ ይጨሳል። ቁጥሩ አንድ፣ ትርጉሙ ሁለት፣ ስድቡ ለሉካስ።

ፖዘቲቭና ኔጋቲቩም እንደዚሁ ነው። እስከ 1967 ድረስ በኤም ጂ ቢ ከማሳ ጋር የሚታሰረው የባትሪው ፖዘቲቭ ነበር። በዛሬው ልማድ ሬዲዮ የሚገጥም ሰው ገልብጦ ያገናኘውና ሬዲዮውን ያቃጥለዋል። የቤንዚን ፓምፑስ? መንገድ ላይ ሲቆም በመዶሻ ወይም በጫማ ሶል የሚመታው ፓምፕ የኤስ ዩ ሥራ እንጂ የሉካስ አልነበረም። እሱም ለሉካስ ተቆጥሮበታል።

ሉካስ ንጹሕ ነው እያልኩ አይደለም። የሽቦ ማገናኛዎቹ ውኃ ያስገባሉ፣ ይዝጋሉ። የኤም ጂ ቢ የፊት መብራት ኤሌክትሪክ ያለ ሪሌ፣ ሙሉው በማብሪያው ውስጥ ያልፋል፤ ማብሪያው ሲያረጅ መብራቱ ይደክማል። በመጀመሪያዎቹ ሞዴሎች ለመኪናው በሙሉ ሁለት ፊውዝ ብቻ ነበር፣ የፊት መብራቱ ጭራሽ ያለ ፊውዝ። ነገር ግን ሁለት ፊውዝ ይበቃል ብሎ የወሰነው መኪናውን ርካሽ አድርጎ መሸጥ የፈለገው አምራችም ጭምር ነው። ሉካስ ገበያውን ጠቅልሎ ስለያዘ የሚገፋፋው ተፎካካሪ አልነበረውም ማለትም ይቻላል፤ የእንግሊዝ የሞኖፖሊ ኮሚሽን የመኪና ኤሌክትሪክ ዕቃ ንግዱን መርምሮ በ1963 ሪፖርት ያወጣው ያለ ነገር አይደለም።

ቀልደኞቹ የማያነሱት ደግሞ አለ። በእነዚህ መኪኖች እያንዳንዱ ሽቦ ቀለሙ ሥራውን ይናገራል። ቡናማ ከባትሪ በቀጥታ፣ ሁልጊዜ ኤሌክትሪክ ያለው። ነጭ ቁልፍ ሲዞር የሚነሳ። አረንጓዴ ያው የቁልፉ ሆኖ በፊውዝ ያለፈ። ሐምራዊ ሁልጊዜ ኤሌክትሪክ ያለው ግን በፊውዝ የተጠበቀ። ሰማያዊ የፊት መብራት፣ ቀይ የፓርኪንግና የኋላ መብራት፣ ጥቁር ማሳ። ይህን የያዘ ሰው ከሃምሳ ዓመት በኋላም ያለ ሥዕል ብዙ ርቀት ይሄዳል።

ዳሽቦርዱ ሥር ጎንበስ ብላችሁ ስታዩ ታዲያ ከእነዚህ ቀለሞች መካከል አንድ ባዕድ ሽቦ አይጠፋም። ቀለሙ ከየትኛውም አይገጥም፤ በእጅ ተጠምዝዞ በፕላስተር ተጠቅልሏል፤ ከቀድሞ ባለቤቶች አንዱ ለሬዲዮ ወይም ለተጨማሪ መብራት የሳበው ነው። ፍተሻው ከእሱ ይጀመር።