ኮሶ፣ ጅብራና ዋጊኖስ፤ የዕፀዋት ፈላጊዎችና የአማርኛ ስሞች በጣና ዙሪያ

ወደ ጣና ሐይቅ ከሚገቡት ወንዞች መካከል ርብና ጉማራ ከጉና ተራራ፣ ግልገል ዓባይ ደግሞ ከሰከላ ደጋ ይመነጫሉ። የሐይቁ ዳርቻ ከተራሮቹ ጋራ የሚገናኘው ግን በውሃ ብቻ አይደለም፤ ከሁለት መቶ ዐምሳ ዓመት ወዲህ ብርቅ ዕፀዋት ፍለጋ የወጡ ሊቃውንት የተመላለሱበት አገር ነው። የእነዚህ ሰዎች ታሪክ በአብዛኛው የሚተርከው ስላገኙት ቅጠልና አበባ ነው። እኛ እዚህ የምንመለከተው ከቅጠሉ ጋራ የተጓዘውን ቃል፣ ይኸውም መንገድ መሪው ለጠያቂው የነገረውን የአገር ስም ነው። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።)

እስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በ1770 ከጎንደር ተነሥቶ በሐይቁ ምዕራባዊ ዳርቻ በኩል ወደ ግሽ ዓባይ ሲወርድ፣ የቦሎኛው ሠዓሊ ሉዊጂ ባሉጋኒ አብሮት ነበረ። የዕፀዋቱን ሥዕል የሠራው ባሉጋኒ በ1771 ጎንደር ላይ ሞተ፤ ብሩስም በ1790 ባሳተመው የጉዞ መጽሐፉ ድርሻውን በሚገባ አልመሰከረለትም። ሆኖም ብሩስ ለቋንቋ ጥናት ትልቅ ውለታ ውሏል፤ ኮሶ፣ እንሰት፣ ጤፍ፣ ዋንዛ፣ ወልክፋ፣ ቀንጠፋና ዋጊኖስ የተባሉትን ስሞች በሰማው መጠን በላቲን ፊደል ጽፎ አቈይቶልናል። ስለ ቀንጠፋ ሲያትትም፣ ንጉሥ ሊዘምት ሲል ይህ እሾኻም ተክል ከመንገድ እንዲመነጠር ዐዋጅ ይነገር እንደ ነበረ ያወሳል። እንዲህ ያለው ማስረጃ ቃሉን ከነአገልግሎቱ ስለሚያሳይ፣ ለመዝገበ ቃላት አዘጋጅ ከሥዕሉ የማያንስ ዋጋ አለው።

የስሞቹ ዕጣ ፈንታ ግን አንድ ዐይነት አልሆነም። ጀርመናዊው ግመሊን በ1791 ከብሩስ መጽሐፍ ተነሥቶ ቀንጠፋን «ካንቱፋ»፣ ወልክፋን «ዋልኩፋ» ብሎ በወገን ስምነት መዘገባቸው። ዛሬ ግን የመጀመሪያው ፕቴሮሎቢዩም፣ ሁለተኛው ዶምቤያ ይባላል። ኮሶን ብሩስ ለወዳጁ ለጆዜፍ ባንክስ መታሰቢያ «ባንኬሲያ» አለው፤ ግመሊን ለሃገን መታሰቢያ «ሃጌኒያ» አደረገው፤ በ1824 ደግሞ ኩንት ለሐኪሙ ለብራዬር ክብር «ብራዬራ» ብሎ ሰየመው። በመጨረሻ የጸናው ሃጌኒያ ነው። ሦስት የአውሮፓ ሰዎች በተፈራረቁበት በዚያ ዘመን ሁሉ ገበሬው ዛፉን ኮሶ ከማለት አልተላለፈም። እንሰት ግን ዕድለኛ ሆኖ፣ ከ1862 ጀምሮ የወገን ስም እንደ ሆነ ይኖራል።

በ19ኛው ምዕት ዓመት ፍለጋው ወደ ውርጩ ወጣ። ዋጋውም ከባድ ነበረ፤ ፈረንሳዊው አንቷን ፔቲ በ1843 ዓባይን ሲሻገር አዞ በላው። እሱና ባልደረባው ካርተን ዲሎን የሰበሰቡት ናሙና አሺል ሪሻር ከ1847 እስከ 1851 ላሳተመው የሐበሻ ዕፀዋት መጽሐፍ መሠረት ሆነ። ጀርመናዊው ሺምፐር በ1837 ገብቶ፣ በ1878 እስከ ሞተ ድረስ በአገራችን ሲሰበስብ ኖረ። ከእነዚህ ቀድሞ ሩፔል ከሰሜን ተራሮች የወሰደውን ጅብራ፣ ፍሬዜኒዩስ በ1838 «ሪንኮፔታሉም» ብሎ ሰይሞት ነበረ፤ ዛሬ ሎቤሊያ ሪንኮፔታሉም ይባላል። በሌላ በኩል «ሎቤሊያ ጊቤሮአ» የሚል ስም አለ፤ ጅብራ ወይም ጅባራ የሚለውን ድምፅ የምንሰማው በዚህኛው ነው። ነገር ግን ይህ የውርጩ ጅብራ ሳይሆን፣ ከርሱ ዝቅ ብሎ በደጋው ደን የሚበቅል ዘመዱ ነው። የድምፁን መመሳሰል ብቻ የተከተለ ተርጓሚ ጅብራን ፈልጎ ሌላ ተክል ይዞ ይመለሳል ማለት ነው።

ስሕተቱ በጅብራ ላይ ቢሆን ጉዳቱ ቀላል ነበር። ዋጊኖስን እንመልከት። ብሩስ በተቅማጥ ታሞ በዚህ ተክል እንደ ተፈወሰ ጽፏል፤ ተክሉም በ1779 ስሙን ከርሱ ወርሶ ብሩሴያ አንቲዲሴንቴሪካ ተባለ። ይኸው ዋጊኖስ በአንዳንድ ስፍራ አባሎ ይባላል፤ በሌላ ስፍራ ግን አባሎ የኮምብሬቱም ዛፍ ነው። ኮሸሽላም እንዲሁ እዚህ አካንቱስን፣ እዚያ ኤኪኖፕስን ያመለክታል። ዋጊኖስ ያለ ልክ ቢወሰድ የሚጎዳ መድኃኒት ስለሆነ፣ የሕክምና ጽሑፍ የሚተረጕም ሰው የስሙን አገር ሳያውቅ «አባሎ» ብሎ ቢያልፍ የሚያሳስተው በቃል ብቻ አይደለም።

በ1937 በዳይኔሊ የተመራው የጣና ጥናት ጓድ አባል ሆኖ የመጣው ፒኪ ሴርሞሊ የሐይቁን ዙሪያና የሰሜንን ዕፀዋት አጠና። ከ1980 እስከ 2009 ደግሞ ኢትዮጵያውያን ሊቃውንት ከውጭ ባልደረቦቻቸው ጋራ፣ ወደ 6 ሺህ የሚጠጉ ዝርያዎችን የያዘውን የኢትዮጵያና የኤርትራ ዕፀዋት መጽሐፍ በ10 ክፍሎች አሳትመው ፈጸሙ። ዶክተር መስፍን ታደሰ ለአንድ አገር በቀል ዝርያ ያወጡት ስም «ኤኪኖፕስ ቀበርቾ» መሆኑ፣ የአገሩ ቃል በላቲኑ ዐረፍተ ስም ውስጥ በትክክለኛው ተክል ላይ ሊያርፍ እንደሚችል ያሳያል።

ከዚህ የምንደርስበት ቁም ነገር አንድ ነው። በመዝገበ ቃላት ውስጥ «የተክል ስም» ወይም «የዛፍ ዐይነት» ብሎ መፍታት ከእንግዲህ አይበቃም። ለእያንዳንዱ ስም የተነገረበት ወረዳ፣ የተክሉ አገልግሎትና በብሔራዊው የዕፀዋት ናሙና ቤት የሚገኝ ደረቅ ናሙና ቍጥር ሊጠቀስ ይገባል። ጅብራ አንድ ጊዜ ብቻ አብቦ የሚሞት ተክል ነው፤ በጉናና በጮቄም እርሻና ግጦሽ ወደ ላይ እየገፉት ናቸው። ተክሉ ከተራራው ከጠፋ በኋላ ስሙን ብቻ የጻፈ መዝገብ የማንን ስም እንደ ጻፈ ለማስረዳት አይችልም። ስለዚህ ናሙና ቈራጩና ቃል ሰብሳቢው ወደ ተራራው አብረው መውጣት አለባቸው።