ቀና ብላ ማየት ያቃታት ሴት

ዛሬ እ.ኤ.አ. ወደ 1318፣ ወደ ደቡብ ፈረንሳይ ልውሰዳችሁ። ያኔ «አላምንም» ማለት የዋዛ ነገር አልነበረም። በ1215 የተሰበሰበው አራተኛው የላተራን ጉባኤ፣ ለአካለ መጠን የደረሰ ሁሉ በዓመት ቢያንስ አንዴ እንዲናዘዝና በፋሲካ እንዲቆርብ አዝዟል። መንደሩ ትንሽ ነው፤ የቀረ ሰው ይታወቃል። ስለዚህ ያላመነውም ይቆርባል።

ሜርቪዬል በምትባል መንደር ኦድ የምትባል ባለትዳር ነበረች። ቄሱ ኅብስቱን ከፍ ሲያደርግ ሰው ሁሉ ቀና ብሎ ይጸልያል፤ እሷ ግን ማየትም መጸለይም አቃታት። ነገሩ የመጣባት አንዲት ሴት መንገድ ላይ እንደወለደች ከሰማች በኋላ ነው። የወሊዱን እድፍ ስታስብ፣ ይህ ኅብስት የጌታ ሥጋ መሆኑን ልቧ እምቢ አለ። (እኛ ስለ ጌታ እራት የምናስተምረው ከዚያ ይለያል፤ የዛሬው ጉዳዬ ግን እሱ አይደለም።) ይህን በሆዷ ይዛ ከሕዝቡ ጋር ትቆም ነበር። ለባሏ ብትነግረው ተቆጣት፤ ሄደሽ ተናዘዢ አላት።

በአቅራቢያዋ ኦርኖላክ የምትኖረው ጊዬሜት ቤኔ ደግሞ ባሰች። የዝይ አንገት ሲቆረጥ ሕይወቷ ከደሟ ጋር እንደሚወጣ አይታ፣ ነፍስ ማለት ደም ናት አለች። ሰው ሲሞት አፉን ብትመለከት ከትንፋሽ በቀር የወጣ ነገር አላየችም። እንዲህ ያለ ሐሳብ ከመጽሐፍ አይመጣም፣ ከጓዳ ነው።

ይህን ሁሉ በምን አወቅን? የፓሚዬው ጳጳስ ዣክ ፉርኒዬ መርምሮ ቃላቸውን ስላስጻፈ ነው። መዝገቡ ዛሬም ቫቲካን ውስጥ አለ። በእሱ ችሎት 5 ሰዎች ተቃጥለዋል፤ ሌሎች ልብሳቸው ላይ ቢጫ መስቀል ተሰፍቶባቸዋል። ኦድን ግን በጾምና በንስሐ አሰናበታት። ሰውዬው በኋላ፣ በ1334፣ የሮም ፖፕ ሆነ። እኔን የሚያመኝ ይህ ነው፦ ያቺ ሴት የልቧን እስከ መጨረሻ ተቀምጦ የሰማት ሰው ማቃጠል የሚችል ዳኛ ነበር።

ወገኔ፣ አባቶቻችን በደርግ ዘመን እምነታቸውን ደብቀው በየቤቱ ይሰበሰቡ ነበር። ዛሬ ደግሞ በእኛው ጉባኤ አለማመኑን ደብቆ እጁን የሚያነሳ አለ። አሜን ይላል፣ ምስክርነት ይሰጣል፣ ቤቱ ሲገባ መጸለይ አቅቶታል። ለማን ይንገር? ሽማግሌዎች ሆይ፣ ጥያቄ ጠየቀ ብለን ስንቱን ወጣት ከመዘምራን አገድን? ቶማስ ትንሣኤውን አልቀበልም ካለ በኋላ፣ ከስምንት ቀን በኋላም ከወንድሞቹ ጋር በዚያው ቤት እንደነበረ በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 20 እናነባለን። አላስወጡትም። ጌታም መጥቶ ያገኘው እዚያው ነው።