ስማችን በየትኛው መዝገብ ላይ ነው?

በማኅበራችን ቢሮ ሁለት የአባላት መዝገብ አለ። በአንዱ ወርሃዊ መዋጮ ያሟሉ ሙሉ አባላት፣ በሌላው መዋጮው የከበዳቸው ተባባሪ አባላት ተጽፈዋል። ተባባሪዎቹ በሥራው ከሌሎቻችን እኩል ይደክማሉ፤ በጠቅላላ ጉባኤ ግን ድምፅ አይሰጡም። እኛ መዝገቡን የምንይዘው ይህን ለሂሳብ ሥራ የሚመች አሠራር አድርገን ቆጥረነው ነበር። የእንግሊዝ ነርሶችን የምዝገባ ታሪክ ካነበብን ወዲህ ግን ሐሳባችን ተለውጧል። ታሪኩን እናካፍላችሁ፤ ዘመኑ ሁሉ እ.ኤ.አ. ነው።

ከ1919 በፊት በእንግሊዝ ማንም ሰው ራሱን ነርስ ብሎ መጥራት ይችል ነበር። ሕመምተኛው የሠለጠነችውን ካልሠለጠነችው የሚለይበት የመንግሥት መዝገብ አልነበረም። ኤቴል ቤድፎርድ ፌንዊክ የተባሉ ነርስ ከ1887 ጀምሮ ማኅበር አቋቁመው ለሠላሳ ዓመት ያህል ታገሉ። በ1919 መጨረሻ የነርሶች ምዝገባ ሕግ ወጣ። መዝገቡ ሲከፈትም በቁጥር 1 የሰፈረው የእሳቸው ስም ነው።

ይሁን እንጂ መዝገቡ በክፍል የተከፋፈለ ነበር። ዋናው ክፍል ለሴቶች ብቻ ሆነ፤ ወንዶች ነርሶች በተጨማሪ ክፍል ለብቻቸው ተጻፉ። የሕፃናት ነርሶችም የራሳቸው ክፍል ነበራቸው። የእኛዋ ልዕልት ፀሐይ ኃይለ ሥላሴ በስደት ዘመን ለንደን በሚገኘው የግሬት ኦርመንድ ስትሪት የሕፃናት ሆስፒታል ሠልጥነው በ1939 የተመረቁት በዚሁ በሕፃናት ነርስነት ነው። የሕፃናት ነርስ ለብቻዋ የተጻፈችው በተማረችው ሙያ ምክንያት ነው፤ ወንዱ ለብቻው የተጻፈው ግን ወንድ በመሆኑ ነው። ወንዶች ወደ ዋናው ክፍል እንዲገቡ የተፈቀደው በ1949 ሕግ፣ ከሠላሳ ዓመት በኋላ ነበር።

በ1943 ደግሞ ሁለት ዓመት ለሠለጠኑ ረዳት ነርሶች ሌላ ዝርዝር ተከፈተ። ሙሉ ነርስ ለመሆን ሦስት ዓመት ይጠይቅ ነበር። ከጦርነቱ በኋላ የነርስ እጥረት ሲበረታ፣ ከጃማይካ፣ ከባርባዶስና ከሌሎች የካሪቢያን ደሴቶች ወጣት ሴቶች ተጠርተው መጡ። ብዙዎቹ ለሦስት ዓመቱ ትምህርት ብቁ ሆነው ሳለ፣ ልዩነቱ በቅጡ ሳይነገራቸው ወደ ሁለት ዓመቱ ተመሩ። ጉዳቱን ያወቁት ቆይተው ነው። የሥራ እድገት ተዘጋባቸው፤ አገራቸው ሲመለሱም ወረቀታቸው በብዙ ቦታ እንደ ሙሉ ነርስነት አልተቆጠረላቸውም። ሕጉ ስለ ቆዳ ቀለም አንድም ቃል አልነበረውም። ልዩነቱ የተሠራው ማን ወደ የትኛው ዝርዝር እንደሚሄድ በሚወስኑት ሰዎች እጅ ነው።

ያ የሁለት ዓመት ሥልጠና ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ቀስ በቀስ ቀረ፤ ነባሮቹም ተጨማሪ ትምህርት ወስደው ወደ ሙሉ ነርስነት የሚሻገሩበት መንገድ ተከፈተ። ዛሬ መዝገቡን የሚይዘው የነርሶችና አዋላጆች ምክር ቤት የተመዝጋቢዎቹን ፆታና ዘር ቆጥሮ ያሳትማል። የራሱ ጥናት አሠሪዎች ወንዶችንና ጥቁር ባለሙያዎችን በመዝገቡ ካላቸው ድርሻ በላይ ለምርመራ እንደሚያቀርቡ አሳይቷል። ይህ ሊታወቅ የቻለው ስለተቆጠረ ነው።

እኛም የራሳችንን ቆጥረን ለመጪው ጠቅላላ ጉባኤ ሐሳብ እናቀርባለን። የአባላት መዝገቡ አንድ ይሁን። ያልተከፈለ መዋጮ በገቢ መዝገብ ላይ በውዝፍነት ይታይ፤ የአባሏን ድምፅ ግን አይንካ። የደጋፊዎቻችን ገንዘብ እንደ ወትሮው በጥንቃቄ ይያዛል፤ በዚህ የሚቀየር ነገር የለም።

ሙሉ አባላት ሆይ፣ ውሳኔው በእናንተ እጅ ነው፤ ተባባሪዎቹ በዚህ ጉዳይ ላይ እንኳ ድምፅ የላቸውምና። በጉባኤው ዕለት አትቅሩ።